ያልተከፈተው መናገሪያ

ስም፦ በመዝገቡ የተያዘ
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ የኮምፒውተር ጥገና
አድራሻ፦ ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 114
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሰኞ መጋቢት 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡40 ሰዓት

ሟች ታላቅ ወንድሜ ነው። በያጅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ከሕንፃ ላይ ወድቆ አንደበቱ ተዘጋ፤ ከቀኝ አውራ ጣቱ በቀር ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። በዚያች ጣት ፊደል እየመረጠ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብለትን ፕሮግራም የጫንኩለት እኔ ነኝ።

ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አውርጄ በእጄ የጫንኩት በመሆኑ እንደሌሎቹ ፕሮግራሞች ሜኑ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ አይታይም ነበር። ለመክፈት ትእዛዝ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ ትእዛዙን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቱ «አንቺ በሌለሽ ቀን አፉን ዘግቶ ይዋል?» ብላ ስለወቀሰችኝ፣ እሑድ መጋቢት 1 ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ ምልክቱንና የተቀመጠበትን አቃፊ (ፎልደር) አድራሻ የያዘ አጭር ፋይል ጽፌ ሜኑው ውስጥ አስገባሁት። እሷው ምልክቱን ተጫነችው፤ ተከፈተ። ወንድሜም «እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብተሻል» ብሎ አሳቀን።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩን ሳጸዳ አቃፊው ከወረዱ ፋይሎች ጋር ተዝረክርኮ ስላየሁት ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩት። ምልክቱ ፕሮግራሙን የሚያገኝበትን፣ በሜኑው ፋይል ላይ ያለውን አድራሻ ግን አልቀየርኩም። ምልክቱ በቦታው ስለነበረ ከፍቼም አልሞከርኩም።

ባለቤቱ እንደነገረችኝ፣ ረቡዕ ከረፋዱ 4፡15 ገደማ ላብ አጠመቀው። «አሞህ ነው? ላገላብጥህ?» ስትለው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ አላነሳም። ምልክቱን ተጫነች፤ አልተከፈተም። ደጋግማ ተጫነች። ሰባት ጊዜ ደወለችልኝ። እኔ ደንበኛ ቢሮ ስለነበርኩ የስልኬን ድምፅ አጥፍቼው ነበር። በመጨረሻ ከምንኖርበት ፎቅ ሮጣ ወርዳ፣ ምድር ቤት የሚኖረውን ነርስ ይዛ ስትመለስ ትንፋሹ ቆሞ አገኘችው።

አክስታችን ባለቤቱ ሆን ብላ ጥላው እንደወጣች አድርጋ ያቀረበችው አቤቱታ ከእውነት የራቀ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ይተርፍ እንደነበር አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም ጠይቄ «አላውቅም» ብሎኛል። መርማሪው ደግሞ ድርጊቴ በሕግ እንደማያስጠይቅ ገልጾልኛል። ቢያስጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ባለቤቱ ክንዴን ይዛ «ምን ሊለኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬም ትጠይቀኛለች።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የሆነው ይኸው ነው፤ ማንም ሳያስገድደኝ ፈርሜበታለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________