ጋሼ ወልዱ የጫኑት ጌም

ጋሼ ወልዱ ደግ የሠሩ መስሏቸው ሲያጠፉ የሚስተካከላቸው የለም። ቁስቋም መውጫ ላይ ጌም ቤት ከከፈቱ ወዲህ ስልኩን ይዞ የመጣ ሁሉ «ጫኑልኝ» ካላቸው ይጭኑለታል። አንድ ጠዋት ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ ሐመልማልን ሲያገኟት ፊታቸው በራ።

«እንኳን አገኘሁሽ! ያን ሠርተሽ እንድሞክረው የሰጠሽኝን፣ በሰፈራችን ዳገት የሚነዳበትን የታክሲ ጌም ለሰፈሩ ሁሉ ጫንኩልሽ። በነፃ!»

ሐመልማል ክው አለች። ምስጋና ሲጠብቁ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ጋሼ፣ ዓይኔ እስኪፈዝ የለፋሁበት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በኢንተርኔት ልሸጠው ነበር። እርስዎ ጋ ያለው ግማሹ ቢሆንም፣ አንዴ በነፃ የለመደ ሰው ለቀሪው ይከፍላል? በቃ፣ ትቼው ሌላ ሥራ ልፈልግ።»

«ልጄ፣ የማይጨበጥ ነገር እንዴት ይሸጣል? ዲስክ ቢሆን ዕቃ ነው። ይኼ እኮ አየር ነው!»

«አዲሱ ፕሌይስቴሽንዎ ዲስክ ማስገቢያ አለው?»

ጋሼ ወልዱ ማሽኑን እያገላበጡ ቀዳዳ ሲፈልጉ መዋላቸውን ማንም እንዲያውቅ አይፈልጉም።

«ወደፊት ጌም ሁሉ የሚሸጠው እንዲህ ነው» አለች። «ገዢው ከፍሎ ያወርዳል። እኔም ስህተቱን እያረምኩ፣ አዲስ መንገድ እየጨመርኩ እልክለታለሁ። ደግሞስ መዝሙር አባዙልን ሲባሉ ‹የዘማሪው ላብ ነው፣ አልነካም› የሚሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እሱማ መዝሙር ነው!»

«ላብ ያው ላብ ነው፣ ጋሼ።»

እውነቷን ነው። እኛ ልፋት በዓይን ካልታየን ልፋት አይመስለንም። ጆንያ የተሸከመውን «አይዞህ» እንላለን፤ ኮምፒውተር ላይ ጎብጣ የምትውለውን ግን «ሥራ ፈታ ተቀምጣ» እናማታለን።

ጋሼ ወልዱ አንገታቸውን ደፉ። «አጥፍቻለሁ። ታዲያ ምን ይሻላል? ከየስልኩ እየዞርኩ ላጥፋው?»

ሐመልማል ሳትወድ ሳቀች። «የጫኑት መቅመሻ ይሁን። ቀሪውን ግን ሰው ገዝቶ እርስዎ ቤት በዋይፋይ ያውርድ። ለማውረጃ የስልክ ካርድ መግዛት ለሚከብደው ይቀለዋል፣ ለእርስዎም ድርሻ ይኖርዎታል።»

ሽያጩ የተጀመረ ዕለት የታክሲ ሾፌሩ ሶሬሳ ስልኩን ይዞ ጌም ቤት ከተፍ አለ። «ጋሼ፣ ቀሪውን ጫኑልኝ።»

«አልጭንም። ይገዛል።»

«ኧረ! ሲጭኑልን አልነበር እንዴ?»

«ተሳስቼ ነዋ! የሠራችው የሰፈርህ ልጅ ናት። ብንከፍላት ሌላም ትሠራለች፤ ነገ ጓደኞቿን ቀጥራ ታሠራለች፤ የእኛንም ዳገት የውጭ አገር ሰው ገዝቶ ይጫወትበታል። አንተ ተሳፋሪ በነፃ ትጭናለህ?»

ሶሬሳ እየሳቀ ክፍያውን በስልኩ ላከ።

ሐመልማል ቤቷ ሆና ሽያጩን ትከታተል ነበር። የሶሬሳ ግዢ ሲመጣ ግን ሁለተኛው ነበር። ከሱ በፊት፣ ገና በማለዳ፣ አየሩን ከፍለው የገዙት ጋሼ ወልዱ ነበሩ።