ትልቁ ድስት

የአገራችን ሰዎች ከሚነግዱበት ከጀፕ ወደ ዳቬይተን ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ባለሱቅና የእህቷ ልጅ ተቀምጠው ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስለተማረችው ስለ አንዲት የድሮ እንግሊዛዊት ታወራላታለች።

“ሴቶችም ይምረጡ እያለች ከአዳራሽ አዳራሽ ስትዞር ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው፣ አክስቴ። ወንዶቹ እንቁላል ይወረውሩባት ነበር።”

“የተቀቀለ ነው ጥሬ?”

“ጥሬ። ፊቷን ጠርጋ ንግግሯን ትቀጥላለች።”

“ልጆች ነበሯት?”

“ሦስት።”

“ማን ያበስልላቸው ነበር?”

“ሠራተኛ ነበረቻቸው።”

“ታዲያማ። እኔም ሠራተኛ ቢኖረኝ እዞር ነበር።”

“እሺ፣ እሑድ ቸርች የሽማግሌዎች ምርጫ አለ አይደል? ማንን ትመርጫለሽ?”

“እኛ መቼ መርጠን እናውቃለን? እነሱ እጅ ሲያወጡ እኛ ጓሮ ምሳ እየሠራን ነው።”

“ከልክለዋችሁ ነው?”

“ማንም አልከለከለንም። ወጡ ነው የከለከለን።”

“ቅዳሜ ሥሩታ።”

“ቅዳሜ ሱቁን ማን ይይዝልኛል?”

ታክሲው መብራት ላይ ቆመ።

“እሑድ ምርጫው ሳያልቅ እሳት አላነድም” አለች ሴትዮዋ።

“ቢርባቸውስ?”

“እየራባቸው ይምረጡ። እኔም እየራበኝ እመርጣለሁ። ወጡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።”

“ሌሎቹ ሴቶች እሺ ባይሉሽስ?”

“በምን ሊሠሩ? ትልቁ ድስት እኔ ቤት ነው ያለው።”

እኔም ለእኛ ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ምሳ ልሠራበት የገዛሁትን ሽንኩርት ቀስ ብዬ በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።