ፀሐይ የሞቁት ኳሶች

በ1973 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ወደ ጂንካ ገበያ ስሄድ በወጣቶች ማኅበር ዕቃ ቤት በር ላይ ክርክር ሰማሁ። መምህር ነኝና ክርክር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ቆምኩ።

ዕቃ ጠባቂው ጋሼ ኤርጎ ቁልፋቸውን ጨብጠው በሩን ዘግተዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ አበዛሽ ራኬቷን ታቅፋ ፊታቸው ቆማለች። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤት ከተማ ከገዘር ከመጣች ተጫዋች ጋር በቴኒስ ትገጥማለች፤ ያሸነፈች አርባ ምንጭ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ትሄዳለች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ያቺን ያልተከፈተች የኳስ ቆርቆሮ ይስጡኝ።»

«እሷ ለክፉ ቀን ናት ልጄ። እነዚህን ውሰጂ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልተጫወተባቸውም!» ጸጉራቸው ያልተነካ ሦስት ኳሶች አሳዩዋት።

«ቆርቆሯቸውን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኛ! ማሽላ እንኳ ታፍኖ ሲቀመጥ ይሻግታል። በየወሩ አውጥቼ ፀሐይ አሞቃቸዋለሁ።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ ኤርጎ ገላመጡኝ። አበዛሽ ግን ሳትስቅ ከኪሷ ጸጉሩ ያለቀ መላጣ ኳስ አወጣች።

«በዚህ ኳስ አንድ ዓመት ሙሉ ተለማምጄበታለሁ። ከእርስዎ አንዱን ይጨምሩና ሁለቱን ከራስዎ በላይ አንሥተው እኩል ይልቀቋቸው።»

ለቀቋቸው። አዲሱ ከጉልበታቸው ሳያልፍ ቀረ፤ መላጣው እስከ ወገባቸው ነጠረ! አላመኑም፤ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት።

«መላጣው እንዴት በለጠ?»

«የእኔ ወፍራም ጎማ ነው፤ በጎማው ብርታት ስለሚነጥር ብዙ ይቆያል። ግን ለክንድ ይከብዳል፤ ለልምምድ እንጂ ለውድድር አይመችም። የእርስዎ ስስ ናቸው፤ የሚያነጥራቸው ውስጣቸው የታመቀው አየር ነው። ቆርቆሮው ከተከፈተ ያ አየር ቀስ እያለ ይወጣል፤ ተጫወቱባቸውም አልተጫወቱባቸውም ይሞታሉ።»

«እንግዲህ ሁለት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ሬሳ ነው በይኛ!»

«በደግነት ነው ጋሼ።»

እውነቷን ነው፤ ደግ ሰው ናቸው። ያላወቀ ደግነት ግን ስንት ነገር ያበላሻል! እሳቸውም ወዲያው እጅ አልሰጡም።

«ያልተከፈተችዋ ካልሞተች ትቆይ እንጂ፤ ለምን ዛሬ?»

«የገዘሯ ልጅ ጉልበተኛ ናት፤ በሞተ ኳስ ታሸንፈኛለች። የእኔ ሀብት ፍጥነት ነው። ሰኔ ላይ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፤ ሌላ ዕድል የለኝም።»

ጋሼ ኤርጎ ከበሩ ዞር አሉ። ከዚያ ገብተው ቆርቆሮዋን አመጡና ቀለበቷን ሳቡ። «ጢስስ!» አለች።

«ይህን ድምፅ ያን ጊዜ የእነዚያን ቆርቆሮ ስከፍትም ሰምቼው ነበር፤» አሉ ራሳቸውን ይዘው። «መጥፎ አየር ወጣላቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር!»

አበዛሽ አሸነፈች! ከእሷ ይልቅ የጮኹት ጋሼ ኤርጎ ናቸው፤ ድምፃቸው ለሦስት ቀን ተዘጋ። ሰኞ በዕቃ ቤቱ በር ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፉ፦ «ወፍራሙ ኳስ ለልምምድ ነው። የታሸገው የውድድር ዕለት ይከፈታል፤ ከተከፈተ ወዲያው ይጫወቱበት።» ከዚያ ወዲህ ኳስም አልባከነ፣ ተጫዋችም አልተከለከለ።

አበዛሽ ወደ አርባ ምንጭ በምትሄድበት ጠዋት ጋሼ ኤርጎ መኪናው ድረስ መጡ። ለትልቅ እንግዳ ብለው አራት ዓመት ሳጥን ውስጥ የቆለፉበትን ነጭ የስፖርት ሹራብ ዘረጉላት።

«ልበሺው፤» አሉ። «ይህም ሳይሞትብኝ።»