ዘንባባው ላይ የወጣው ኤሊ

ቀፊራ ገበያ፣ አንጥረኛው ዘንድ ቆሜ ሳለሁ ዘይነባ ከእናቷ ሐብል አንድ አሮጌ የብር ሳንቲም ፈትታ ሰጠችው። ቀልጦ አጠገቧ ለቆመው ለባሏ ለረመዳን ቀለበት ሊሆን ነው። ሳንቲሙ ላይ ኤሊ ዘንባባ ላይ ሲወጣ አየሁና በስልኬ ፈለግሁት፤ የጥንት የስኮትላንድ ንግሥት ገንዘብ ኖሯል። «ዘንባባው ንግሥቲቱ ናት ይላሉ፤ ኤሊው ደግሞ በእሷ ተንጠላጥሎ ሽቅብ የወጣው ባሏ ነው፣» አልኳቸው።

«አቦ፣ ዛፉ ነው እንጂ ባልየው፣» አለ ረመዳን።

ዘይነባ ሳንቲሙን ከአንጥረኛው እጅ ወስዳ አስጠግታ አየችው። «ዘውዱ ያለው ዛፉ ላይ ነው። ኤሊው ወላሂ አንተን ይመስላል፣ አንገቱ ሳይቀር።» ከዚያ መልሳ ሐብሏ ላይ አሰረችው።

አንጥረኛው እየሳቀ እሳቱን አጠፋ። ረመዳን ባዶ ጣቱን እያሻሸ ወደ እኔ ዞረ።

«ሚስት አለህ?»

«የለኝም።»

«አውቄዋለሁ። ሚስት ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ጮክ ብሎ አያነብም።»