የማክሰኞዋ ባዶ መስመር

ጋሽ ደምለው እዚህ ቢሮ ሥራ የጀመሩ ዕለት በረዶ ይጥል ነበር። ጥበቃችን ያርጋል በሩ ላይ ቆሞ «ማን ልበል?» አላቸው። እሳቸው ደግሞ «አንተስ ማን ነህ? ጥበቃ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» አሉት። እሱ መታወቂያ ይጠይቃል፣ እሳቸውም መታወቂያ ይጠይቃሉ። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ ሁለቱም በስብሰው፣ ሁለቱም አልረታም ብለው ግማሽ ሰዓት ቆሙ። ያርጋል፣ አትሳቅ! አንተ እስከ ዛሬ አላሳየሃቸውም።

ያን ዕለት «እኒህ ሰው ጤና የላቸውም» ብያለሁ። ዛሬ በመሸኛዎ ላይ ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ደምለው። የኮምፒውተር ባለሙያ ይመጣል ሲሉን የጠበቅነው ሌላ ዓይነት ሰው ነበር።

ደባርቅ ድረስ ምን ሌባ ይመጣብናል? የአስጎብኚዎችና የበቅሎ ጫኞች ማኅበር ነን። እንግዳ ይጽፍልናል፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ ተራው የደረሰ በቅሎውን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። አለቀ። እሳቸው ግን ሐሙስ ሐሙስ ሰብስበው ያስተምሩናል። ያውም ከምሳ በኋላ! ባልደረባችን ደርቤ ዓይኑን ገልጦ መተኛት የለመደው ያኔ ነው።

«ፈይዛ፣ ከአጥር ውጭ ‹ቤቶች!› ያለ ሰው ቢመጣ ዝም ብለሽ ትከፍቻለሽ?» አሉኝ አንድ ሐሙስ።

«የለም፣ ‹ማነው?› እላለሁ።»

«‹ዘመድ ነኝ› ቢልሽስ?»

«የማን ልጅ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።»

«ታዲያ በኢሜይል ሲሆን ምነው ዘመድ ነኝ ያለውን ሁሉ ታስገቢዋለሽ?»

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ገዱ ከጎንደር «የእንግዶቹን ፓስፖርት ላኩልኝ» ብለው በኢሜይል የጻፉ ጊዜስ? ጋሽ ደምለው ስልክ መትተው «ለመሆኑ የበቅሎዎ ስም ማነው?» አሏቸው። አቶ ገዱ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ዳማ! ዳማ ናት!» ብለው ጮኹ።

በሩ ጎን ደብተር ሰቀሉልን፣ እስክሪብቶው በሲባጎ የታሰረ። የጠረጠርነውን ሁሉ እንድንጽፍበት ነው፤ ቀኑን፣ ከማን እንደመጣ፣ ምን እንዳለ። ሻይ የሚያፈሉልን እትዬ አልጣሽ አንድ ቀን ማንኪያቸውን እንደያዙ እየሮጡ ገቡ። «ዕጣ ወጥቶልሻል፣ የምስጢር ቁጥርሽን ንገሪኝ የሚል ሰው ደወለልኝ። እኔ ዕጣ ቆርጨ አላውቅ! ጻፉልኝ!» ጋሽ ደምለው ተነስተው አጨበጨቡላቸው። ዲግሪ ላለን ሰዎች አጨብጭበው አያውቁም።

ትምህርቱን ሲጨርሱ ሁልጊዜ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ከፍታችሁትም ቢሆን ኑ። ከፈትሁ ብሎ የመጣን ሰው አልቆጣም። ቶሎ ከሰማሁ የኮምፒውተሩን ገመድ እነቅላለሁ። ዝም ካላችሁኝ ግን ምንም ማድረግ አልችልም።»

ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃን። ጥር ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ። ማክሰኞ ዕለት፣ ከምናውቀው አስጎብኚ ድርጅት የመጣ የሚመስል ኢሜይል ገባ። ስሙ የእነሱ ነው፤ አድራሻው ግን ሌላ ነበር። ሦስት ሰዎች በምንጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው ከፈተው። ውስጡ ባዶ ነበር። ማሽኑ ትንሽ ተንገራግጮ ዝም አለ። የከፈተውም ሰው ዝም አለ። ሐሙስ ጋሽ ደምለው እንደ ልማዳቸው የተራ መዝገቡን ቅጂ ለመያዝ ዲስካቸውን ሰኩ። በዚያ ኢሜይል የገባው ቫይረስ ቅጂውንም አብሮ በላው። አርብ ጠዋት የዘጠኝ ዓመት መዝገብ አልከፈት አለ። አሁንም እንደተቆለፈ ነው።

በቅሎ ጫኙ ገብረ ኪዳን ከተራራው፣ ከጨነቅ በኩል ወርዶ «ተራዬ ሦስተኛ ነበር» አለ። ከኋላው ያለውም ሦስተኛ ነኝ አለ። በዚያ ሳምንት ሦስተኛ ያልሆነ ሰው የለም። ጋሽ ደምለው ገልጠው የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም። ገብረ ኪዳን ተራ ሳይደርሰው ሁለት ወር ጠብቆ በቅሎውን ዳባት ገበያ አውጥቶ ሸጠ። እሳቸው ደግሞ «ማሽኑ በእኔ እጅ ነው» ብለው የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ፈርመው ተቀበሉ። ዛሬ ጡረታ የሚወጡት ያ ደብዳቤ ፋይላቸው ውስጥ እያለ ነው።

በቦታቸው ሰው አይቀጠርም ተብሏል። የሐሙሱ ትምህርትም ቀረ። ነገሩ ይስተካከላል ብዬ ላጽናናችሁ ፈልጌ ነበር፣ ግን አላምንበትም። የጠፋው ጠፍቷል፤ ገብረ ኪዳንም ያለ በቅሎ ቀርቷል።

ትናንት ደብተሩን አስረከቡኝ። ቤቴ ወስጄ ገለጥሁት። ጥር ላይ የማክሰኞዋን ቀን በእጃቸው ጽፈዋታል፣ ጎኗ ባዶ ነው። ከሥሯ እትዬ አልጣሽ ረቡዕ ያስጻፉት ያ የዕጣ ስልክ አለ። አምስት ወር ሙሉ ያቺን መስመር ሳይሞሉ፣ ሳይሰርዙ፣ ማንንም ሳይጠይቁ ትተዋታል።

ጋሽ ደምለው፣ የከፈትሁት እኔ ነኝ።

እርስዎን ፈርቼ አይደለም ዝም ያልሁት። እትዬ አልጣሽ የለዩትን እኔ መለየት አቃተኝ ማለት አሳፈረኝ። ረቡዕ ሁለት ጊዜ በርዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። አቶ ገዱ፣ ደብዳቤው ከእሳቸው ፋይል ወጥቶ በእኔ ስም ይጻፍ። ገብረ ኪዳን ጋ ራሴ እሄዳለሁ፤ ምን እንደምለው ግን አላውቅም።

ስለ ሐሙሶቹ ሁሉ አመሰግናለሁ። እየጠበቁኝ እንደነበር ስላወቅሁ ደግሞ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

በሉ እንነሳ። እናንተ ጠጃችሁን፣ እኔ ለስላሳዬን። ጋሽ ደምለው፣ ጉልበትዎ አይክዳዎ፣ ዓይንዎ አይድከም፣ ደጅዎ ላይ «ቤቶች!» የሚል ሁሉ የሚያውቁት ሰው ይሁን።

ያርጋል፣ የደብተሩን እስክሪብቶ አቀብለኝ። ጥር ፲፮፣ ማክሰኞ። ፈይዛ ከፈተች። አልተናገረችም።