ሐጂ እጃቸውን ያነሱ ዕለት

በከተማችን ምክር ቤት ጉባኤ «ተቃውሞ?» ሲባል እጅ ወጥቶ አያውቅም። ባለፈው መደበኛ ስብሰባ የሽንኩርት ገበያው ከአስፋልት ዳር ተነስቶ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ላንጋኖ መውጫ ይሂድ የሚል አጀንዳ ቀረበ። «የሚደግፍ?» ሲባል እንደ ልማዳችን እጃችንን አወጣን። አፈ ጉባኤዋ ከወረቀቷ ቀና እንኳ ሳትል «ተቃውሞ?» ብላ ልታልፍ ስትል፣ ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌው ሐጂ እጃቸውን አነሱ። አፈ ጉባኤዋ አሁን ቀና አለች።

«ሐጂ፣ ለምን ተቃወሙ?»

«ኧረ እኔስ የዙህር ሶላት እንዳያልፈኝ ልውጣ ብዬ ነው።»

ሳቅ በሳቅ ሆንን። ሐጂ ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉና «ለመሆኑ መቃወምም ይቻላል?» ብለው ጠየቁ።

«እንዴታ! መብትዎ ነው» አለቻቸው።

«እንግዲያው ቁጠሩኝ። እነዚያ ሴቶች ሽንኩርታቸውን ተሸክመው እዚያ ድረስ እንዴት ይሄዳሉ?» ብለው ወጡ።

አሁን የሳቀ የለም። እኔም ሳላስበው እጄን አወጣሁ። አፈ ጉባኤዋ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «አንተም ለሶላት ነው?» አለችኝ፤ ተክለማርያም መባሌን አሳምራ እያወቀች።