የጎህ ከበሮ

ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ከከተማዋ ነቅሎ አዳማ የገባው የጎህ እግር ኳስ ቡድን የድሮ ከበሮ ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጧል፤ ባልና ሚስቱ ፊት ለፊቱ ቆመው ይጨቃጨቃሉ።

ሽብሩ፦ አልሰጥም አልኩሽ እኮ! የአዳማ ሰዎች ቡድኑን ወሰዱ፣ ማልያውን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ከበሮውን?

የሺመቤት፦ ሚስትህ ትታህ ሄዳ አዳማ ብታገባ፣ አልጋዋን አቅፈህ ልትቀር ነው? ስጣቸውና ተገላገል።

ሽብሩ፦ ጎህን ከሚስት ጋር አታመሳስያት። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቃት።

የሺመቤት፦ እሱስ እውነትህን ነው። ሚስት እንደዚህ አትወደድም።

ሽብሩ፦ ጀመረሽ ደግሞ!

የሺመቤት፦ ብርዱ ሰለቸኝ ብላ ቆላ ወርዳ፣ የሰው አገር እያስጨበጨበች፣ ዛሬም ስሟ በሬዲዮ ሲጠራ ማንኪያ ከእጅህ ይወድቃል። እኔ እናቴ ጋ ከርሜ እስክመለስ፣ አንዴ እንኳ ደውለሃል?

ሽብሩ፦ ኔትወርክ አልነበረማ።

የሺመቤት፦ የጨዋታው ውጤት ግን በየት በኩል ገባ?

ሽብሩ፦ ባለፈው እሁድ የአዳማ ደጋፊዎች ሲዘፍኑ በቴሌቪዥን አላየሻቸውም? በእኔ ዜማ! እኔ ያወጣሁትን ዜማ እንደ ራሳቸው!

የሺመቤት፦ ቀናህ!

ሽብሩ፦ አልቀናሁም። ጭብጨባቸው ከዜማው ይቀድማል፤ እሱ ነው ያናደደኝ።

የሺመቤት፦ እንግዲያው ከበሮው ይሂድና ያስተካክላቸው።

ሽብሩ፦ አያያዙን አያውቁበትም! ቆዳው በእኛ ብርድ ስለሚረግብ ምድጃ ዳር አሙቄ ነው የማወጣው። እነሱ በዚያ ሙቀት ላይ እሳት ቢያስጠጉት ይሰነጠቃል።

የሺመቤት፦ ይሄን ሁሉ ዘመን አጠገብህ ስንቀጠቀጥ፣ እኔን አንድ ቀን ምድጃ ዳር አስጠግተህ ታውቃለህ?

ሽብሩ፦ አንቺ ደግሞ ትረግቢያለሽ እንዴ?

የሺመቤት፦ ሂድ ወዲያ! የአዳማው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ።

ሽብሩ፦ ቆይ፣ ቆይ። ለጎረቤት ወንፊት ስታውሺ እንኳ ልብሽ አብሮ የሚሄድ ሴትዮ፣ ዛሬ ምን ቸር አደረገሽ? ከአዳማ ሲደውሉ ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ምን ነበር ያሉሽ?

የሺመቤት፦ ከበሮውን ላኩልን አሉ።

ሽብሩ፦ የሺ፣ በሞቴ።

የሺመቤት፦ ...ከነመቺው።

ሽብሩ፦ ከነመቺው? እኔን? እኔን ነው የፈለጉት?

የሺመቤት፦ ይኸው! ፊትህ በራ። ይቺን ፊት እንዳላይ ብዬ ነበር።

ሽብሩ፦ እኔን ለማስቀረት ነዋ ከበሮውን የምትገፊው! የሺዬ፣ ለአንድ እሁድ ብቻ ደርሼ ብመለስስ?

የሺመቤት፦ ጎህ ከበሮውን ትውሰድ፣ ዜማውንም ትውሰድ። ባሌን ግን በገዛ እጄ አልድርላትም!